መወርወሪያው ላይ የተጻፈው

ቢሯችን ውስጥ የሚፈራው አለቃ አይደለም፤ እንጨት ነው። ጫፍና ጫፉ በብረት የተለበጠ፣ ክንድ የማይሞላ አሮጌ የሸማኔ መወርወሪያ። ሕንጻው ድሮ የጨርቅ ፋብሪካ ነበር፤ የኮምፒውተር ሥራ ድርጅታችን ሦስተኛውን ፎቅ ሲከራይ ወለሉ ሥር ተወሽቆ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሲስተሙን የጣለ፣ ማለትም ቀጥ አድርጎ ያስቆመ ሰው ጠረጴዛው ላይ ይቀበለዋል። ብልሽቱን እስክትጠግን ድረስ ፊት ለፊትህ ተጋድሞ ይጠብቅሃል፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ «እንዴት ነው ሽመናው?» ይልሃል። ጠገንኩ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሲስተሙ ሦስት ቀን ሳይወድቅ መሥራት አለበት። ያን ጊዜ ስምህን፣ ቀኑንና የብልሽቱን ምክንያት በደቃቅ ጽሕፈት እንጨቱ ላይ ጽፈህ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ መልሰህ ትሰቅለዋለህ። የእኔ ስም አሥራ አንድ ቦታ አለ። አንድም ቦታ ስሙ የሌለው አለቃችን ቲርኒ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ኮድ መጻፍ ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው።

እዚያ እንጨት ላይ ውሸት ተጽፎ አያውቅም። ለደንበኛ እንዋሻለን፤ ለቲርኒ «ነገ ያልቃል» ካልነው ሦስት ወር ያልፋል። መወርወሪያው ላይ ግን አንዱ «መቁጠር አቃተኝ»፣ ሌላው «ሰክሬ ነበር»፣ አንዷ «ባሌን በፈታሁ ሳምንት የጻፍኩት ነው» ብለው ጽፈዋል። እውነት ጻፉ ብሎ ያዘዘን ሰው የለም፤ እንዲሁ ሆኖ ቀረ።

እኔ ኖርማን ቲቦ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ነው። ነጭናጫ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ሥራዬ ሎም የሚባለውን የድርጅታችንን አሮጌ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወደ አዲስ ፕሮሰሰር ማሻገር ነው። ሎም የተጻፈው ከሃያ አራት ዓመት በፊት ፍሪጅ ለሚያህል ማሽን ነው። የማሽኑ ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ መለዋወጫ የምንለቅመው ከቆሻሻ መጣያ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ማሽኑ ሲሞት ሎም አብሮት እንዳይቀበር፣ አሥራ አንድ ሰዎች ሆነን ሁለት ዓመት ሙሉ ለፋን። አዲሱ ፕሮሰሰር ቋንቋውም ጠባዩም ሌላ ነው፤ አሮጌው በአንድ እጁ ቀስ ብሎ ይሠራ የነበረውን ይሄኛው በአራት እጁ እየተጣደፈ ይሠራዋል።

የቀረን ደንበኛ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ሰሜን ያሉ የሦስት አውራጃዎች የአምቡላንስ መላኪያ ጣቢያ። ሰዎቹ ትዕግሥታቸው አልቋል። አዲሱ ማሽን ሰባ ሁለት ሰዓት ሳይወድቅ ከሠራ ይፈርማሉ፤ ከወደቀ ወደ ሌላ ይሄዳሉ። እነሱ ከሄዱ ድርጅቱ ወሩን አይጨርስም። ይህን ጽዳት የምትሠራልን ሴትዮም ታውቃለች።

ድርጅቱ ቢዘጋ ለሌሎቹ ሥራ ማጣት ነው። ለእኔ ግን ክሎዴት ናት። ሚስቴ የደም ካንሰር አለባት፤ በየሳምንቱ አርብ ከሰዓት ሆስፒታል ወንበር ላይ ተቀምጣ ለአራት ሰዓት ያህል መድኃኒት በደም ሥሯ ይንጠባጠብላታል። መድኃኒቱን የሚሸፍነው በእኔ ሥራ በኩል ያለን የጤና መድን ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ መድኑም አብሮ ይዘጋል፤ የታመመን ሰው ደግሞ ሌላ መድን ድርጅት በደጁ አያሳልፍም። ያለ መድኃኒቱ ምን ያህል እንደምትቆይ ሐኪሟን ስጠይቀው መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩትም።

ፈተናው ማክሰኞ ቀትር ላይ ሊጀመር ሰኞ ጠዋት ሲስተሙ ወደቀ። አንዴ ቢሆን ጥሩ፤ በየሰዓቱ ነበር። ቲርኒ ከቢሮው እየተንደረደረ ወጣ። ፊቱ ቀይ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ሲጨንቀው የሚቀልድ ሰው ነው።

«መጨረሻ የነካው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ዌንሊ። ከቼንግዱ መጥታ አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ የኖረች፣ ከሁላችንም ጎበዝ የሆነች ሴት ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች ገለባውን የወረቀት ኩባያ ውስጥ ትሞላለች። «ግን የነካሁት ሰዓት ቆጣሪውን ነው። የወደቀው ሌላ ጋ ነው።»

«ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«ሕጉ የደደብ ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለና መወርወሪያውን ከሚስማሩ አውርዶ ጠረጴዛዋ ላይ አጋደመው። «እንዴት ነው ሽመናው?»

ማንም አልሳቀም። ዌንሊ የሱፍ ፍሬዋን ወደ ዳር ገፋ አደረገች።

ብልሽቱን ለማየት እኔ ገባሁበት። የወደቀበት አካባቢ ያለው ኮድ የአርዲስ ኮፔክ ነው። ሎምን የወለደችው እሷ ናት፤ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። ከኮዱ በላይ «ቅደም ተከተሉን አትንኩ፤ አ.ኮ.» የሚል ማስታወሻ ትታለች። እኔም አልነካሁም። ውስጥ ውስጡን ምን እንደሚሆን ለማየት ያህል «በዚህ በኩል አልፌያለሁ» እያለ መዝገብ ላይ የሚጽፍ አንድ መስመር ጨመርኩና እንደገና አስነሣሁት። አልወደቀም። አርባ ጊዜ አስነሣሁት፤ ወይ ፍንክች! መስመሩን ሳወጣው ይወድቃል፤ ስመልሰው ይቆማል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በእኛ ሙያ ጀማሪም ያውቀዋል። ብልሽቱ ተደበቀ እንጂ አልተጠገነም። የጨመርኩት መስመር ማሽኑን ቅንጣት ያህል ስላዘገየው ነው፤ ሌላ ምንም የለም። እንዲህ ሲሆን ሥራውን ሁሉ ትተህ ሥሩን መፈለግ ነው ያለብህ። እኔ ግን ሰዓቴን አየሁና ለፈተናው የቀረንን ጊዜ አሰብኩ።

«አገኘኸው?» አለኝ ቲርኒ ከኋላዬ አጎንብሶ።

«ይዤዋለሁ» አልኩት።

«ኖርም ጠገነው!» ብሎ ጮኸ፤ ቢሮው ሁሉ አጨበጨበ። ጠገንኩት አላልኩም ብዬ ልከራከር እችል ነበር። አፌን ዘግቼ ጭብጨባውን ተቀበልኩ።

የደንበኛው ተወካይ ካስዌል ይባላል። ሃያ ዓመት አምቡላንስ የነዳ ግዙፍ ሰው ነው። ማክሰኞ ቀትር የራሱን ታጣፊ ወንበርና አንድ ካርቶን ዶናት ይዞ መጣና ማሽኑ ፊት ተተከለ። የስድስት ዓመት የስልክ ጥሪ በቴፕ አምጥቷል። ሦስት መቶ ሺህ ጥሪ ነው፤ ማሽኑ በሦስት ቀን ውስጥ ሁሉንም እንደ አዲስ ተቀብሎ ለእያንዳንዱ አምቡላንስ ይመድባል።

«እኔ ኮምፒውተር አላውቅም» አለን ካስዌል። «ሲወድቅ ግን ያስታውቀኛል።»

ረቡዕ ጠዋትም ማሽኑ አልወደቀም። ሰው ሁሉ ፊቱ ፈካ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ቴፑ ላይ አሮጌው ማሽን ያኔ ለየጥሪው የሰጠው መልስም ተቀድቷል፤ ቁጭ ብዬ ያንን ከአዲሱ መልስ ጋር ማስተያየት ጀመርኩ። ይህን አድርግ ያለኝ የለም፤ ውሉ የሚለው «አይውደቅ» ብቻ ነው። መቶ ሺህ ያህል ጥሪ አልፎ ነበር፤ ሁሉም ልክክ አለ። አንዱ ሲቀር።

በርች ጎዳና፣ ቁጥር አሥራ አራት። የስድሳ አንድ ዓመት ሰው፣ ደረቱን ይዞታል። አሮጌው ማሽን አምቡላንሱን ወደ በርች ጎዳና ልኮታል። የእኛው አዲስ ደግሞ ወደ ዌብስተር ጎዳና ቁጥር ዘጠኝ ላከው፤ ከሁለት ደቂቃ በፊት እጇ ተሰብሮ ወደተወሰደች ልጅ ቤት። አልወደቀም፤ አላጉረመረመም፤ ባዶ ቤት አምቡላንስ ልኮ ሥራውን ቀጠለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አገር በየቤቱ ደጅ የፖስታ ሣጥን አለ፤ ጎኑ ላይ ቀይ ምልክት ተሰክቶበታል። ደብዳቤ ከትተህ ምልክቱን ወደ ላይ ታቆማለህ፤ ፖስተኛው ቀዩን ሲያይ ሣጥኑን ይከፍታል። አርዲስ ሎምን የጻፈችው እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ ደብዳቤው፣ ማለትም የደዋዩ አድራሻ፣ ይገባል፤ ቀጥሎ ምልክቱ ይቆማል። አሮጌው ፕሮሰሰር የታዘዘውን በታዘዘው ቅደም ተከተል ስለሚሠራ ሃያ አራት ዓመት ተስማምተው ኖሩ። አዲሱ ግን ይቸኩላል። አንደኛው እጁ ደብዳቤውን ሲያመጣ ሌላው እጁ ምልክቱን ቀድሞ ያቆመዋል። ያኔ ሣጥኑን የሚከፍተው የቀድሞውን ደብዳቤ አንሥቶ ይሄዳል። ሰኞ ዕለት የጣለን ይኸው ነው፤ የእኔ መስመር አንዷን ሣጥን ብቻ አዘግይታ አዳነች። የቀሩት ሣጥኖች እንዳሉ ናቸው።

መድኃኒቱ ይታወቃል፤ በደብዳቤውና በምልክቱ መካከል «ቆይ፣ ደብዳቤው ይግባ» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ነው። ጥያቄው ስንት ቦታ የሚለው ነው። ፍሎሪዳ ወዳለችው ወደ አርዲስ ደወልኩ። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከጀርባዋ ቴሌቪዥን ይጮኻል።

«አርዲስ፣ ኖርማን ነኝ።»

«የቱ ኖርማን? የሚያጉረመርመው?»

«እሱው።»

«ገና በሕይወት አለህ? ተናገር እስቲ፣ ምን ሰበርክ?»

ነገርኳትና ስንት ቦታ እንደሆነ ጠየቅኳት። እስክትስል ድረስ ሳቀች።

«ያላደረግኩት የት ነው ብለህ ጠይቀኝ ልጄ። በየገጹ ነው። አምስት መቶ በለው፣ ስምንት መቶ። አብዛኛው ደግሞ ቢታይም አይታወቅም፤ ያኔ እንደዚህ ዓይነት እብድ ፕሮሰሰር ይመጣል ብሎ ማን አሰበ?»

«እስከ አርብ ይደርሳል?»

«እስከ ግንቦት በለኝ።» ከዚያ «ላዩ ላይ የሚሠራው ምንድን ነው?» አለች።

«አምቡላንስ።»

ቴሌቪዥኑ ጠፋ። «በእኔ ጊዜ የወረቀት ፋብሪካ ነበር» አለች በቀስታ። «ሲሳሳት ወረቀት ነበር የሚቀደደው።» ስልኩን ዘጋን።

ቤት ስገባ ክሎዴት የአተር ሾርባ ምድጃ ላይ ጥዳ፣ የሱፍ ኮፍያዋን ራሷ ላይ ደፍታ ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ፀጉሯ ካለቀ ወዲህ ኮፍያዋን አታወልቅም። ሳትታመም በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች፤ ከኋላ የሚሠራውን ሁሉ በመስታወት ስለምታይ እሷን መዋሸት የማይቻል ነው።

«ፊትህ ምን ሆኗል? ማሽኑ ወደቀ እንዴ?»

«አልወደቀም።»

«ታዲያ ምን አስለቀሰህ?»

አላለቀስኩም ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሣጥኑ፣ ስለ በርች ጎዳና፣ ስለ አርዲስ። ማንኪያዋን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«ከስንት አንዱ ነው?»

«እስካሁን ከመቶ ሺህ አንዱ።»

«እኔስ ከስንት አንዷ ነኝ?»

ተነሥቼ ምድጃውን አጠፋሁት።

«ስማኝ ኖርማን። ይፈረም። ከተፈረመ በኋላ ቀስ ብለህ ትጠግነዋለህ። ግንቦት አይደል ያለችህ? በሦስት ወር ውስጥ ስንት ሰው ይደውላል? አስላ እንጂ፣ ሥራህ አይደል?»

አስቀድሜ አስልቼው ነበር። በሦስት ወር አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ጥሪ ነው። የአንድ ሰው ስምንተኛ ይሆናል። ምናልባት ማንም አይጎዳም። ምናልባት።

«የፍሬሼትን ልጅ ደግሞ እንዳታነሣብኝ» አለች ድንገት። «አውቅሃለሁ፤ እሱን ነው የምታስበው። እንዳታነሣው!»

አላነሣሁትም። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። አንድ የበረዶ ቀን ክሎዴት ተሳስታ ሁለት ፌርማታ አሳልፋ አወረደችው፤ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ጣቶቹ ደንዝዘው አንድ ጎተራ ሥር ተገኘ። ምንም አልሆነም፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ የመኪና ጎማ ይሸጣል። ክሎዴት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋን እስክታቆም ድረስ አንድም ልጅ ሁለት ጊዜ ሳትጠይቅ አላወረደችም። «ቤትህ ይሄ ነው? እርግጠኛ ነህ?» ትላለች። ልጁ አዎ ይላታል። እንደገና «እርግጠኛ ነህ?» ትላለች። ልጆቹ ይስቁባት ነበር።

«እኔ ደግ ሰው ነኝ አይደል?» አለችኝ።

«ነሽ።»

«ዛሬ አይደለሁም። መኖር እፈልጋለሁ። አትናገር።»

ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እጇን ስይዛት አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። «አልናገርም» አልኳት፤ ከልቤ ነበር።

ሐሙስ ሁለተኛውን ስሕተት አገኘሁ፤ ምጥ የያዛት ሴት ናት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሦስተኛውን፤ ሳንባ የታመመ ሽማግሌ። ከዚያ በኋላ ማስተያየቱን ተውኩት። ተነሥቼ ወደ ቲርኒ ቢሮ ሄድኩ። ምን ልለው እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቲርኒ ቀና ብሎ አየኝ፤ ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ። የሆነ ነገር እንደገባው አወቅኩ።

«ኖርም» አለኝ። «ጥሩ ዜና ካልሆነ አርብ ከሰዓት ንገረኝ።»

«እሺ» ብዬ ተመለስኩ። ቲርኒን አልወቅሰውም። አሥራ አንድ ቤተሰብ ትከሻው ላይ ነው፤ እኔ አንዷን እንኳን አልቻልኳትም።

አርብ ረፋድ ላይ ቢሮው የሠርግ ቤት መሰለ። ፈተናው ሊያልቅ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል። አንዱ ብርጭቆ ይደረድራል፤ ቲርኒ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ከወዲያ ወዲህ ይላል፤ ካስዌል የመጨረሻውን ዶናት ያላምጣል። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አንገቴን ደፍቼ ሰዓት እቆጥራለሁ። በልቤ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ከሰዓት ክሎዴትን ወደ ሆስፒታል እወስዳታለሁ፣ የሚቀጥለው አርብም እወስዳታለሁ፣ የሚቀጥለውም። አርባ ደቂቃ ዝም ማለት ምን ያቅታል?

ዌንሊ መጣች። በአንድ እጇ መወርወሪያውን፣ በሌላው የማይለቅ ቀለም ያለው ቀጭን ብዕር ይዛለች።

«ሽማግሌው፣ ተነሥልኝ እስቲ» አለችኝ። ከሰኞ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። «ቀትር ላይ መልሼ ልሰቅለው ነው። ስሜንና ቀኑን ጽፌያለሁ። ምክንያቱን ግን አላውቀውም፤ የጠገንከው አንተ ነህ። ምን ልጻፍ?»

እንጨቱን ተቀበልኳት። የእሷ ጽሕፈት ከአርዲስ ጽሕፈት በታች ነው። የአርዲስ የመጀመሪያው ነው፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል። «ቅደም ተከተል መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ሦስት ቀን አልገባኝም ነበር» ይላል። ጎኑ ላይ የእኔ የመጀመሪያው አለ። በሠላሳ አራት ዓመቴ የጻፍኩት ነው። «ሳላጣራ ጠገንኩ አልኩ።»

«ሰዓት ቆጣሪው» ልላት አፌን ከፈትኩ። ሁለት ቃል ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ብናገር ሚስቴ ትኖራለች። ዌንሊም ያልሠራችው ጥፋት ከስሟ ጎን እስከ ዘላለሙ ተጽፎ ይቀራል፤ ግድ የለም፣ ትስቅበታለች። ቃሉ አልወጣ አለኝ። ለቲርኒ ዋሽቻለሁ፤ ለካስዌል ዋሽቻለሁ፤ እግዚአብሔርንም በዚያ ሳምንት ሳልዋሸው አልቀረሁም። እዚያ እንጨት ላይ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ምን ዓይነት ሞኝነት እንደሆነ አላውቅም። በሕይወታችን ሁሉ እውነት የምንናገርበት አንድ ክንድ የማይሞላ እንጨት ብቻ ነው፤ እሱን ካበላሸሁ ሌላ ምንም የለኝም መሰለኝ።

«ብዕሩን አምጪው» አልኳት።

የእሷን ስም በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከሥሩ ጻፍኩ። «ኖርማን ቲቦ። ምልክቱ ከደብዳቤው ይቀድማል። ሦስት አምቡላንስ ወደ ተሳሳተ ቤት ተላከ። አልተጠገነም።»

ዌንሊ አነበበችው። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ሞተ።

«አልተጠገነም?» አለች። «ከሰኞ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«ሰኞ ጠረጠርኩ። ረቡዕ አወቅኩ።»

«አምስት ቀን ነው የተሸከምኩልህ!» ጮኸች፤ ቢሮው ሁሉ ዞረ። «አምስት ቀን እንቅልፍ አጥቼ የራሴን ኮድ ስመረምር አንተ ሾርባህን ትጠጣለህ?»

ቲርኒ መጣና መወርወሪያውን ከእጄ ወሰደ። አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

«ይሄ ነገር ይለቃል?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አይለቅም።»

«በእርሳስ ብትጽፈው ምን ነበረበት ኖርም» አለና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ለካስዌል ያስረዳሁት እኔ ራሴ ነኝ። የፖስታ ሣጥኑን ነገር ነገርኩት፤ ሦስቱን ጥሪዎች አውጥቼ አሳየሁት። በጣቱ ስክሪኑ ላይ በርች ጎዳናን ነካ።

«ያኔ ወደዚህ ቤት የነዳሁት እኔ ነበርኩ» አለ። «ለጥቂት ነው የተረፈው፤ ሦስት ደቂቃ ብንዘገይ ይሞት ነበር።» ጣቱን ከስክሪኑ አንሥቶ «ደርሰን ነበር» አለ።

«ሦስት ወር ስጡን» አልኩት። «ቦታውን ሁሉ እናገኘዋለን። እለምንሃለሁ። የምለምነው ለማሽኑ አይደለም።»

«ሦስት ወር ባለፈው ዓመትም ሰጥተናችሁ ነበር» አለ፤ በክፋት አልነበረም። ወንበሩን አጥፎ በብብቱ ያዘ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ምስጋና ይሁን ኀዘን አልገባኝም።

ቀትር ላይ ማሽኑ ሰባ ሁለት ሰዓቱን ሞላ። አንዴም አልወደቀም። ፊቱ ማንም አልነበረም፤ ሰዎቹ ዕቃቸውን በካርቶን እየሰበሰቡ ነበር። መወርወሪያው ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ፤ እንዴት ነው ሽመናው ያለኝ ግን የለም። ዌንሊ ኮቷን ለብሳ ስታልፍ የቀረውን የሱፍ ፍሬ ከረጢት አጠገቤ አስቀምጣ ሄደች።

ቤት ስደርስ ክሎዴት ካፖርቷን ለብሳ፣ ኮፍያዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። አርብ ነው፤ መድኃኒቷ ይጠብቃታል።

«አለፈ?»

«ሰባ ሁለት ሰዓት ሠራ። አልወደቀም።»

በመስታወት ልጆቹን ታይ በነበረበት ዓይኗ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ነገርካቸው።»

«ነገርኳቸው።»

«ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

«ገብቼልሽ ነበር።»

ተነሣችና በጓንቷ ደረቴን መታችኝ። ደግማ መታችኝ። ጉልበት አልነበረውም፤ ያ ነው ያሳመመኝ። ከዚያ ግንባሯን እዚያው የመታችው ቦታ ላይ አሳርፋ ቆየች።

«መድኑ እስከ መቼ ነው?» አለች ካፖርቴ ውስጥ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ።»

«ስንት አርብ ይሆናል?»

«ሁለት።»

«ከዛሬው ጋር?»

«ከዛሬው ጋር።»

ቀና ብላ ኮፍያዋን አስተካከለች። «መኪናውን አሙቀው እንግዲህ፤ አንዘግይ።»

መንገዱ በረዶ ነበር፤ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ሆስፒታሉ ደጅ ካቆምኩ በኋላ የመኪናውን በር አልከፈተችም። ወደ ፊት እያየች ተቀመጠች።

«ትክክል ነው ያደረግከው?» አለችኝ። «እርግጠኛ ነህ?»

«ነኝ» አልኳት።

ወደ እኔ ዞረች፤ የበሩን እጀታ እንደያዘች፣ እነዚያን ልጆች ትጠይቅ በነበረበት ድምፅ ደገመችልኝ።

«እርግጠኛ ነህ?»

እንደ ልጆቹ «አዎ» ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷም ትንሽ ጠበቀችኝና በሩን ከፍታ ወረደች።